የሙሽሪት ወገን

ማሲና ፌሬቲን ያወቀችው ከአፒያ ከተማ በሚመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ወንበር ሲሞላ ሰው በሰው ጭን ላይ መቀመጥ በሳሞአ ነውር የለውም። ፌሬቲ ግን ወንበሩን ለእሷ ለቀቀና የአንድ ወፍራም ሽማግሌ ጭን ላይ ሄዶ ዘፍ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ምግብ የሚባል ነገር አታውቅም እንዴ? በአጥንትህ ወጋኸኝ እኮ» አሉት ሽማግሌው።

ማሲና ሳቋ አመለጣት። እሱም ዞር ብሎ አያት። አቤት ያቺ አስተያየት! ይኸው ስንት ዘመን አልፎ፣ ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ፣ ትዝ ስትላት ፊቷን ይሞቃታል።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ጎደሬዋን ይሸከምላት ጀመር። ብዙም አያወሩም፤ አብረው ቀስ ብለው መሄዱ ይበቃቸው ነበር። ችግሩ የመጣው ስሙን ለእናቷ ለሉሳ የነገረቻት ዕለት ነው።

«የማን ልጅ አልሽኝ?»

«የቶማሲ። የሳቫኢ ደሴቱ።»

ሉሳ ክው አለች። «ቶማሲ እኮ የአጎቴ ልጅ ነው። ፌሬቲ ወንድምሽ ነው፣ ልጄ።»

በእነሱ ዘንድ የዘመድ ልጅ ወንድም ነው፤ ከወንድም ጋር ደግሞ ማግባት ቀርቶ ተጠጋግቶ መሳቅም አይፈቀድም። ፌሬቲ ይህን ሲሰማ አቀርቅሮ «እንግዲህ እህቴ ነሽ» አላትና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ገበያ ላይ ሲያያት መንገድ ይቀይር ነበር። ማሲና እህል አልወርድ አላት።

ሉሳ ልጇ እንዲህ ስትከሳ አይታ አልቻለችም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር ወስዳ አስቀመጠቻት።

«በዓለም ጦርነቱ ጊዜ፣» አለች፣ «እኔና ሞሊ የምትባል ጓደኛዬ የአሜሪካ ወታደሮችን ልብስ እናጥብ ነበር። ሞሊ ከሩቅ ደሴት የመጣች፣ ዘመድ የሌላት ልጅ ናት። አንዱን ወታደር ወደደች። እሱ ወደ ውጊያ ተሳፍሮ በዚያው ቀረ። እሷም በወሊድ ሞተችብኝ።»

«ልጁስ?» አለች ማሲና። መልሱን ግን ከወዲሁ አውቃዋለች።

«ልጅቷማ ዓሣ አልበላም እያለች ስታስጨንቀኝ አደገች።» ሉሳ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «አቅፌሽ መንደር ስገባ ‹ከወታደር ዲቃላ ወልዳ መጣች› አሉኝ። ይበሉ ብዬ ዝም አልኩ። የእኔ አይደለሽም ከሚሉኝ ስድቡ ይሻለኝ ነበር።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ነገርሽኝ?»

«ልጁን ትወጂዋለሽ አይደል? ሂጂ ንገሪው፤ ወንድምሽ አይደለም።»

ሽማግሌዎች መክረው፣ በደም አይገናኙም ብለው ፈቀዱ።

በሠርጉ ቀን ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተቀመጠ። የፌሬቲ ዘመዶች ቤቱን ሞልተውታል። ሞሊ ዘመድ የላትም፣ የሉሳ ዘመዶች ደግሞ የፌሬቲም ናቸው፤ በማሲና በኩል ሰው አልነበረም። ሉሳ ለሙሽሪት ያበጀችውን ምንጣፍ ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ሉሳ፣ ነይ ግቢ እንጂ፣ ቦታሽ ከእኛ ጋር ነው» አሏት የፌሬቲ አጎት። ንግግራቸው ክፋት አልነበረበትም፤ የሥጋ ዘመዳቸው ናት። ሉሳም አንገቷን ደፍታ ወደ እነሱ መራመድ ጀመረች።

ማሲና ከሙሽራው አጠገብ ተነሣች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው የምትሄጅው? ያለ እናት ልዳር ነው?»

ሉሳ ተመለሰች፤ ምንጣፉን ዘረጋችና በዚያ በባዶው በኩል ብቻዋን፣ ቀጥ ብላ፣ እንባዋን ሳትጠርግ ተቀመጠች። ፌሬቲ በሹክሹክታ «አሁን እንጀምር?» አላት።

«ቆይ፣ ትንሽ ልያት» አለችው ማሲና።