ግራ ገባኝ ያልኩ ቀን

ሳምሳም መርፌ ይዛ ስትመጣ ልቤ የሚመታው መርፌውን ፈርቶ አልነበረም።

ሐርጌሳ ተወልጄ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፤ ሶማሊኛዬ ይንገዳገዳል። እሷ ደግሞ ነርስነት ጅግጅጋ ስትማር የለቀመችው አማርኛ አላት። በሐርጌሳው ሆስፒታል፣ በተኛሁበት ክፍል ውስጥ አማርኛ የምናወራው እኛ ብቻ ስለነበርን፣ ሰው መሃል ሆነንም ብቻችንን ነበርን።

የተኛሁት የእግሬ አጥንት መግሎ ነው። ዶክተር ሆዳን አዲስ መድኃኒት ጀመሩልኝ፤ እሱ ካልሠራ እግሬ ይቆረጣል። መድኃኒቱ ገና በጥናት ላይ ስለሆነ ደሜ ውስጥ ምን ያህል እንደደረሰ ይለካል። ለዚህም በሁለቱም እጄ ቀጭን ቱቦ ተተክሎልኛል፤ በአንዱ መድኃኒቱ ይገባል፣ በሌላው ደም ይቀዳል።

ያን ቀን መድኃኒቱን የሰጠኝ ሌላ ነርስ ነበር። ሳምሳም ደም ልትቀዳ መጣችና ዓይን ዓይኔን እያየች በየትኛው እጄ እንደገባ ጠየቀችኝ።

«ግራ ገባኝ» አልኳት።

እሷ ቀዳች። እኔ ፊቷን እንጂ እጄን አላየሁም።

በማግስቱ ዶክተር ሆዳን ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። መድኃኒቱ ደሜ ውስጥ ከልክ በላይ ሆኗል፣ ኩላሊቴን ሳይጎዳው መቆም አለበት አሉ። ቢቆም እግሬስ? እናቴ ከሰፈራችን ከማሕሙድ ሃይቤ መጥታ ስታለቅስ ዋለች።

ማታ ሳምሳም አልጋዬ አጠገብ ቆመች።

«ባሺር፣ በግራ ገባ አላልከኝም? እኔ እኮ ከቀኝህ ቀዳሁ።»

ቀኝ እጄን አየሁት። መድኃኒቱ የገባው በቀኜ ነበር! የቀዳችው ደም ቱቦው ላይ ከቀረው መድኃኒት ጋር ተቀላቅሏል።

«ሳምሳም... ግራ ገባኝ ማለት እኮ የምለው ጠፋኝ ማለት ነው።»

«ለምን ጠፋህ?»

«እንደዚያ ስታዪኝ ስሜም ይጠፋኛል።»

ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከሥራ እንዳያባርሯት ፈርቼ፣ ጥፋቱን በእኔ አድርጊው ብዬ ለመንኳት።

«ወላሂ አላደርገውም። ውሸት እግርህን አያተርፍም» ብላ በቀጥታ ወደ ዶክተሯ ሄደች።

ደሜ ከግራዬ እንደገና ተቀዳ። ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍም እህልም እምቢ አለኝ። እግሬን ላጣ ነው፣ እሷንም ላጣ ነው... በመጨረሻ ዶክተር ሆዳን መጥተው ልኩ ደህና ነው፣ መድኃኒቱ ይቀጥላል አሉ። ሳምሳምን ክፉኛ ተቆጧት እንጂ አላባረሯትም። አልሐምዱሊላህ!

ድኜ ስወጣ አጎቶቼን ለሽምግልና አስከትዬ ቤቷ የሄድኩት በሁለት እግሬ ነው። አባቷ አስጠርተው ፈቃዷን ጠየቋት። ሳምሳም ቀና ብላ አየችኝና «እሺ» አለች፤ በአማርኛ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን አለቀስኩ።