ከአጥሩ ውስጥ የወሰድኩት ጋሪ

«እማዬ፣ ጋሪያችን ውስጥ የተኛው ሕፃን የማን ነው?»

የጠየቀችኝ የአራት ዓመቷ ልጄ ሊቫ ናት። የእኛን ሕፃን፣ ቪጎን፣ እኔ ታቅፌው ነበር።

ይህ የደረሰው በራሴ ላይ ነው። የፈለገ አይመነኝ። ባለፈው የብርድ ወራት፣ ዴንማርክ፣ ኦደንስ ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በገዛ ግቢዬ።

እኛ ሰፈር ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ደጁ ላይ ያወጣዋል። የፈለገ አንስቶ ይሄዳል፤ ጠያቂም የለው። ያን ሰሞን አሮጊቷ ጎረቤታችን ወይዘሮ ቶራ ወንበርና አንድ ካርቶን ስኒ አውጥተው ነበር።

የሕፃን ጋሪው ግን ደጅ ላይ አልነበረም። ከአጥራቸው በር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር... እንደ አገሩ ልማድ ሕፃናት ቀን ቀን በብርዱ ውጭ በጋሪ በሚተኙበት ቦታ።

ባዶ ነው። እጄን ብርድ ልብሱ ሥር ሰደድኩ።

ይሞቃል።

ወሰድኩት።

ለባሌ ለኤስበን ደጅ ላይ አገኘሁት አልኩት። «ነገ ደግሞ ሶፋቸውን ይዘሽልን ነይ» ብሎ ሳቀብኝ። አብሬው ሳቅሁ።

ከምሳ በኋላ ቪጎን በጋሪው ውጭ አስተኛዋለሁ። ሁልጊዜ አንድ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ አገኘዋለሁ... ለሌላ ሰው ቦታ የለቀቀ ይመስል።

ብርድ ልብሱን አጥቤ ሰጣሁት። ገመዱ ላይ በረዶ ሠርቶ ደረቀ።

መሃሉ ግን ይሞቃል።

ቪጎ እየጠባ ይከሳ ጀመር።

ያን ቀን ሊቫ ስትጠይቀኝ ዞር ብዬ አየሁ። ጋሪው ውስጥ ማንም የለም።

ብርድ ልብሱ ከፍ... ዝቅ ይላል።

ቪጎን በአንድ እጄ ይዤ ጋሪውን እየገፋሁ ወይዘሮ ቶራ ዘንድ ሮጥኩ። ባዶው ጋሪ ከብዶኛል። በሩን ገርበብ አደረጉት። ከኋላቸው ሻንጣ ቆሟል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። የወጣ ዕቃ መስሎኝ ነው።»

«መስሎሽ ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

ዓይኔን ወደ ጋሪው መለስኩ።

«ስንት ጊዜ ለሰው ሰጠሁት፣ ልጄ። ይመለሳል። በስጦታ አይሄድም።»

«ታዲያ በምን ይሄዳል?»

«የሰረቀው ሰው ዘንድ ብቻ ይቀመጣል። እያወቅሁ ነው እዚያ ያቆምኩት... እግዜር ይቅር ይበለኝ።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የእኔ ነበር። አሁን ያንቺ ነው። ደህና አድርገሽ አልብሺው፤ ብርድ አይወድም።»

በሩ ተዘጋ።

እኔም እንደሳቸው ላደርግ ብዬ ጋሪውን ከአጥራችን በር ውስጥ አቆምኩት። አንዲት እናት ልጇን አዝላ በደጃችን ስታልፍ ጋሪውን አየት አደረገችው። ሮጬ ወጥቼ ወደ ቤት አስገባሁት። የሷ ልጅ እንደ ቪጎ ሲከሳ ታየኝ።

ለኤስበን እውነቱን ነገርኩት። አልሳቀም።

ወይዘሮ ቶራ ከተማውን ለቀው ሄዱ። ኤስበን ሊቫንና ቪጎን ይዞ እናቱ ዘንድ ሄደ። ቪጎ ወፍሯል አሉኝ።

እኔና ጋሪው ውስጥ ያለው ቀረን።