ባፈና ያንጎራጎረበት ቀን

ጊታር ተጫዋቹ አምባው፣ ሸሕዲ ከተማ ውስጥ ባለ የቀበሌ አዳራሽ መድረክ ላይ፣ አንገቱ በማይክራፎን ሽቦ ታንቆ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። መርማሪው መቶ አለቃ ይርዳው ከመተማ ዮሐንስ ሲደርስ ፀሐይዋ ገና አላዘቀዘቀችም፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል።

«የቆላ ኮከብ» የተባለው ባንድ ከአብዮቱ በፊት የሰሊጥ አጫጆች የሚሰለፉለት ነበር። ዜማዎቹን የሚደርሰው ባፈና በቀይ ሽብር ጊዜ ተይዞ ሳይመለስ ቀረ፤ ባንዱም ተበተነ። አምባው ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ገባ። በ1979 ዓ.ም. በምሕረት ሲመለስ፣ የባንዱ አባላት ለመኸር በዓል የድሮ ዘፈኖቻቸውን እንዲጫወቱ ታዘዙና እንደገና ተገናኙ። ከእሱ ሌላ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ የባፈና ሚስት የነበረችው ዘፋኟ አይናዲስ፣ የትራክተር መካኒክ የሆነው ከበሮ መቺው ሸጋው፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹና የቀበሌው ሊቀ መንበር አለነ።

የሦስቱም ቃል አንድ ነበር። አይናዲስና ሸጋው ግቢው ውስጥ ከግራሩ ሥር ምሳ ሲበሉ፣ አለነ ከአዳራሹ ወጥቶ አምባው ብቻውን ሊለማመድ እንደሚፈልግ ነገራቸው። ብዙም ሳይቆይ ጊታሩ ከውስጥ ተሰማ። ሲያበቃ ሸጋው ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ሊያመጣ ወደ ጓሮ ዞረ። አለነ ከአይናዲስ ጋር ሲያወራ ቆይቶ አምባውን ሊጠራ ገባ፤ ሞቶ አገኘው። ስለዚህ ጣት ሁሉ ወደ ሸጋው ተቀሰረ።

ሸጋው ወደ ጓሮ መዞሩን አልካደም፣ አልተቆጣምም። አምባው ትናንት በልምምድ መሀል፣ ባፈናን ያስበላው ሰው ከመካከላቸው እንደሆነ፣ ያ ሰው ራሱ ካልተናገረ መድረክ ላይ ስሙን እንደሚጠራ መናገሩን ብቻ ገለጸ።

አይናዲስ ግን አንድ ነገር ዋጥ አደረገች።

«ምን ያስፈራዎታል?» አላት ይርዳው።

«ብናገር አበደች ይሉኛል። ከጊታሩ ኋላ ባፈና ያንጎራጉር ነበር። ዜማው ሊታጠፍ ሲል በአፍንጫው እህ ይላል፤ ዛሬም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እለየዋለሁ።»

«ለአለነ ነገሩት?»

«ነገርኩት። የሙት መንፈስ ነው፣ ለማንም አታንሺው አለኝ።»

ይርዳው አልሳቀባትም። ወደ መድረኩ ተመልሶ ጊታሩን አነሣ። ቀጭኑ ክር ተበጥሷል። ከሟቹ ኪስ ያልተፈታ አዲስ ክር አወጣ። ከዚያ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሙታን አያንጎራጉሩም» አለ ረጋ ብሎ። «ወይዘሮ አይናዲስም አልተሳሳቱም። የሰሙት ባፈና በሕይወቱ ሳለ የተቀዳ የልምምድ ካሴት ነው። አምባው የጊታሩ ክር ተበጥሶበት ሊቀይር ሲል ነው የታነቀው፤ በዚያ ጊታር ያንን ዜማ ሊጫወት አይችልም። ዘፈኑ ሲሰማ እሱ ሞቷል። ሸጋው የሄደው ከዘፈኑ በኋላ ነው። ከዘፈኑ በፊት ከሟቹ ጋር የነበረ፣ በኋላም ቀድሞ ገብቶ ቴፑን ያነሣ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም እኛ እስክንመጣ ከዚህ አልወጣም። ጓድ አለነ፣ የአኮርዲዮንዎን ሳጥን ይክፈቱልኝ።»

አለነ አልከፈተም። ከይርዳው ጋር የመጣው ፖሊስ ከፍቶ ቴፑን ከነካሴቱ አወጣ።

«ማንጎራጎሩን ረስቼው ነበር» አለ አለነ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገረ። ያን ጊዜ ራሱን ለማዳን የባፈናን ስም አሳልፎ ሰጥቷል። አምባው ይህን የሰማው ገዳሪፍ ካገኘው የባፈና የእስር ጓደኛ ነው፤ ዛሬ ለአይናዲስ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ ሲለው ሽቦውን አነሣበት። ከዚያ ዜማዎቹን ለማስታወስ ይዞት የመጣውን የድሮ ካሴት፣ ድምፅ ከሌለው መጀመሪያው ላይ ከፍቶ ወጣ።

አይናዲስ አልጮኸችም። ቀርባ ፊቱን አየችው።

«ባፈና የት ነው ያለው?»

አለነ አንገቱን ደፋ። «ጓንግ ወንዝ ዳር። ሲቀብሩት አይቻለሁ።»

በማግስቱ በካቴና ታስሮ ቦታውን አሳየ። አብዮታዊ እርምጃ የተወሰደበትን ሰው ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ስለዚህ አይናዲስ ያን ሁሉ ዓመት ከል አልለበሰችም፣ ድንኳንም አልተተከለላትም። ይርዳው እንዳላየ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ቆመ። አይናዲስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሸጋውም አጠገቧ። እስኪመሽ ድረስ ባሏን አለቀሰችው፤ የከለከላትም አልነበረም።