ዘርሚት ያቆየችው ጣዕም

በገልማር ምድር፣ ደመና በሌለበት የበጋ ቀን፣ ከአውራን ተራራ ላባ ዘነበ። የሰው ክንድ የሚያህል ነጭ ላባ በማሳው፣ በገበያው፣ በንጉሡ አደባባይ ላይ ወረደ። ሽማግሌዎቹ አንዱን አንሥተው ዳሰሱት። ቀዝቃዛ ነበር። ያን ጊዜ ዘርሚት ልትሞት እንደሆነ ሁሉም ገባቸው።

ዘርሚት በተራራው ጫፍ የምትኖር ታላቅ ወፍ ናት። በገልማር ሰው ሲሞት ትወርድና በሐዘንተኞቹ ጣሪያ ላይ ታርፋለች። የቤቱን ጣዕም ሁሉ፣ የማሩን፣ የዘፈኑን፣ የቀለሙን፣ ወስዳ በክንፏ ሥር ታሞቀዋለች፤ ልቡ የተሰበረን ሰው ጣፋጭ ነገር ያቆስለዋልና። የሐዘኑ ልብስ ሲወልቅ ቤተሰቡ ተራራውን ወጥቶ አደራውን ይቀበላል። ሕጉ ይኸው ነበር።

ጥጥ በቀለም እየነከረች የምትኖረው ወልሚት ግን አልወጣችም። የበኩር ልጇን ዳርጌንን የመዝጋን ወንዝ ከወሰደው ሦስት ክረምት አልፏል። «ማር ከጣፈጠኝ ልጄን ረሳሁት ማለት ነው» ትል ነበር። ሴት ልጇ ሰርኬ ድምፀ መልካም ነበረች፤ ስትዘፍን መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ ይሰማት ነበር። ከወንድሟ ሞት ወዲህ ግን አፏን ስትከፍት የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ላባው በወረደ ዕለት ሰርኬ በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«አባቶቼ፣ ስሙኝ። ወፏ ከሞተች በክንፏ ሥር ያለው አብሯት ይሞታል። እኔ ሳልዘፍን አላረጅም። የቤታችንን ጣዕም ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ። እናቴ ትሙት፣ አመጣዋለሁ።»

«በእኔ አትማዪ» አለች ወልሚት ከሕዝቡ መካከል። «ሞት እንደሆነ የቤታችንን መንገድ ያውቃል።»

ሽማግሌዎቹ ልጅቷን መረቋት። ወልሚት ግን ምርቃቱ ሳያልቅ በሐሳቧ ልጇን ከገደል ስትወድቅ አይታታለች፣ በእባብ ስትነደፍ አይታታለች፣ አልቅሳ ቀብራታለች። ስለዚህ አብራት ሄደች፤ ጣዕም ፈልጋ ሳይሆን የቀረቻትን አንዲት ልጅ እንዳታጣ።

መንገዱን የመራቸው ጉልሞ የሚባል ወሬ የሚወድ አዳኝ ነበር። የወልሚትን ስልቻ ሲያነሣ ወገቡ ጎበጠ።

«እትዬ፣ ምን ጭነውብኝ ነው?»

«ገመድ፣ የቁስል መድኃኒት፣ ሁለት መግነዝ።»

«ለእኔስ መግነዝ አልያዙልኝም?»

«ከሁለቱ የሚተርፈው ይበቃሃል። አጭር ነህ።»

ጉልሞ ከት ብሎ ሳቀ። ሰርኬ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ፊቷ አልታዘዘላትም።

መዝጋን ወንዝ ሲደርሱ ወልሚት ገመዱን በልጇ ወገብ ላይ አሰረች። ሰርኬ እንደ ጥጃ ታሰርኩ ብላ አጉረመረመች። የሐረጉ ድልድይ መካከል እንደደረሱ ውሃው ተሰነጠቀና አንጎር የሚባለው የወንዙ ዘንዶ እንደ ዋርካ ግንድ የወፈረ አንገቱን አወጣ። ጉልሞ ጦሩን ወርውሮ ዓይኑን ወጋው። ዘንዶው ሲንፈራገጥ ድልድዩን በጅራቱ በጠሰው፤ ሰርኬም ወደ ውሃው ተወረወረች። ወልሚት ሦስት ዓመት በሕልሟ ያየችው ይኸው ነበር። በሕልሟ ሁልጊዜ እጇ ባዶ ነበር፤ አሁን ግን ገመዱ አለ። በድልድዩ የማዶ ጫፍ ተደግፋ መዳፏ እስኪላጥ ገመዱን ይዛ ልጇን ወደ ማዶ ጎተተቻት። ዘንዶው ከነቁስሉ ወደ ጥልቁ ሰጠመ፤ ጉልሞም እግሩ ተሰብሮ በድልድዩ ቅሪት ተንጠልጥሎ ወደ እነሱ ወጣ።

«ሂዱ» አላቸው፣ እግሩን ካሰሩለት በኋላ። «እኔ እዚህ እጠብቃለሁ። መግነዙን ግን ይዛችሁልኝ ሂዱ፤ ሳየው ይጨንቀኛል።»

ዘርሚት በዋሻዋ ተኝታ ነበር። ላባዋ ረግፎ ቆዳዋ ይታያል። አንድ ክንፏ ብቻ ምድሩን እንደ ድንኳን ሸፍኖታል።

«ዘገየሽ፣ የዳርጌን እናት» አለች። «ክንፌን የማነሣበት ሙቀት አጣሁ። ስለ ልጅሽ ንገሪኝ።»

ወልሚት ነገረቻት፤ ስለ ጎርፉ፣ ዳር ላይ ስለተገኘው ጫማ፣ አስከሬኑ ስለተጠቀለለበት ቁርበት። ወፏ ንቅንቅ አላለችም።

«ይህ አሟሟቱ ነው። ሞት አያሞቀኝም። ስለኖረበት ቀን ንገሪኝ። ነገር ግን ዕወቂ፤ የነገርሽኝ ቀን ከአንቺ ይወጣል፣ ዳግም አታስታውሺውም። ደግሞም የምትወጂው ካልሆነ አይበቃኝም።»

«እማዬ፣ ተይው» አለች ሰርኬ። «መዝፈኑ ይቅርብኝ። እንመለስ።»

ወልሚት ማንም ሳያያት በልቧ እያወጣች ስትዳብሳት የኖረች አንዲት ቀን ነበረቻት። ልጇን አየቻት። ሰርኬ «ይቅርብኝ» ስትል እንኳ ዓይኗን ከክንፉ አልነቀለችም።

«የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ነው» ስትል ጀመረች። «ነጯን በቅሏችንን በቢጫ ቀለም ነከራት። አንድ ጋን ሙሉ ጨረሰብኝ። ከዚያ በመንደሩ መካከል እየጎተታት፣ የንጉሡ በቅሎ ናት፣ እጅ ንሱ ይላል። ሰዉም እውነት መስሎት አጎነበሰ። ጭቃ ሹሙማ ተደፍቶ መሬት ሳመ። እኔ አርጩሜ ይዤ ወጣሁ። ዞሮ አየኝና...»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ቀኑም አብሮ ይወጣ ነበር። በመጀመሪያ የሰዉ ጫጫታ ጠፋ፤ ቀጥሎ በቅሎዋ፤ ቀጥሎ ቀለሙ። የቀረው ወደ እሷ የሚዞረው ፊት ብቻ ነበር። ወልሚት ለመጨረሻ ጊዜ አየችው።

«ዞሮ አየኝና፣ እማዬ፣ አንቺም እጅ ንሺ አለኝ። አርጩሜውን ጥዬ ጓሮ ገባሁ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።»

ክንፉ ተነሣ። ከሥሩ አደራው ሁሉ እንደ ሞቀ ነፋስ ወጥቶ በገልማር ቤቶች ሁሉ ላይ ተበተነ። «ከእንግዲህ የራሳችሁን ራሳችሁ አሙቁ» ብላ ዘርሚት ዓይኗን ከደነች።

ወንዙ ዳር ጉልሞ እየዳኸ ንቦቹን በጭስ አባሮ ያገኘውን የጫካ ማር ሰጣቸው። ወልሚት ቀመሰችው። ጣፈጣት፤ ልጇንም አልረሳችውም። ነገር ግን አንድ ቦታ፣ ጥርስ እንደወለቀበት ድድ፣ ባዶ ሆኖባታል።

«ሰርኬ፣ ምን ነበር የነገርኳት?»

ሰርኬ በንግግር ፈንታ ዘፈነችው። ድምፅዋ መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ጠራ። ስለ ቢጫዋ በቅሎ፣ መሬት ስለሳመው ጭቃ ሹም፣ በመጨረሻም ስለዚያ ልጅ ቃል። ወልሚት እንደ እንግዳ ወሬ ሰማችና ሳቅ አፈናት።

«እውነት ዳርጌን እንዲህ አደረገ?»

«አደረገ።»

«ቢጫው የእርድ ነበር ወይስ የሱፍ አበባ?»

«እሱን አልነገርሽንም።»

ወልሚት የተላጠ መዳፏን ገልብጣ አየች። ከሁለቱ የትኛው እንደነበር በዓለም ላይ የሚያውቅ የለም።

«እንግዲያው በሁለቱም ነክሬ አያለሁ» አለች። «ዝፈኚ እስቲ፤ ከመጀመሪያው።»