ከማስኩ በላይ

ከተማው ሁሉ በሩን በዘጋበት በዚያ ክፉ ሰሞን፣ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በሯን ከፍታ የምትወጣ አንዲት ልጅ ነበረች። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሥራዋ ከሰው አፍንጫና ጉሮሮ ናሙና ወስዶ ቫይረሱ መኖር አለመኖሩን መለየት ነው። እናቷ የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው፤ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ድምፃቸውን ትሰማለች እንጂ ዓይናቸውን አላየችም።

ሥራዋን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ስትወጣ መስኮት ይዘጋል። ባለሱቁ የምትገዛውን ዕቃ ደረጃው ላይ ያስቀምጥና አንስታ እስክትሄድ ከመደርደሪያው ጀርባ ይደበቃል። ከመንገድ ማዶ ያሉት ጡረተኛ መምህር ደግሞ ባዩዋት ቁጥር እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ በሽታው በዓይን የሚተላለፍ ይመስል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቃት ነበር። እያደር ግን ሳቁ አለቀባት።

የማይሸሻት አንድ ሰው የሆስፒታሉ ሰርቪስ ሾፌር ነበር። ነርሶቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። መንገዱ ባዶ፣ ሰዉ ቤቱ ተከቶ፣ እሱ ግን እንደ ሙሽራ መኪና ነው የሚያዘግመው። «በዚህ አነዳዱ እንቁላሉ በእግሩ ቀድሞን ይደርሳል» እያሉ ይቀልዱበታል። ቤቷ ሩቅ ስለሆነ ጠዋት መጀመሪያ የምትሳፈረው፣ ከሰዓት መጨረሻ የምትወርደው እሷ ናት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ በመኪናው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ይሆናሉ።

አንድ ጠዋት የሰው ዘር በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ መብራት በራና ቆመ።

«ማን ይመጣል ብለህ ነው የቆምከው?» አለችው።

«መብራቱ በርቷላ።»

«ብታልፈው አይከስህም።»

«አይከሰኝም። ይታዘበኛል።»

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! ማስኩ አፏን ቢሸፍነውም ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ እሱም በመስታወቱ አያት። እሷም አየችው። ከማስኩ በላይ ያለው ዓይኑ ዳር ዳሩን ተጨማዶ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እሱ ግን ወዲያው አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ ወዲያ ወሬው በመስታወት በኩል ሆነ። እሱ ፊት ለፊት መንገዱን እያየ ይናገራል፤ እሷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በፕላስተር «እዚህ አይቀመጡ» ተብሎ ከተዘጋው ወንበር ጎን ሆና ትሰማለች። እናቱ ልብስ ሰፊ እንደሆኑ፣ ብቻቸውን እንዳሳደጉት፣ አስም እንዳለባቸው ነገራት። እንዳያስይዛቸው ፈርቶ ግቢው ውስጥ ካለችው የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ያድራል። እናቱ ምግቡን መስኮት ላይ አኑረው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ።

«አንድ ግቢ ውስጥ ሆነን በስልክ ነው የምንኖረው» አላት። «ትናንት 'ጨው አነሰው' ብዬ ደወልኩላት፤ 'ያንተ ምላስ ነው የጠፋው፣ ተመርመር' ብላ ዘጋችብኝ።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ወር ከረሙ። አንዳቸው የሌላውን አፍንጫ እንኳ ሳያዩ። እሷ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ስታበጥር ለመስታወቱ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት ጀመረች፤ ለምን እንደሆነ ግን ራሷን አልጠየቀችም።

ከዕለታት አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሁለቱ ብቻ እንደቀሩ፣ የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። እጁ መሪው ላይ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነሳው።

«ልጄ፣ ያቺን በሽታ መርማሪ ዛሬም ጭነሃታል?» የእናቱ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

«እማዬ፣ እየነዳሁ ነው...»

«ከኋላ አስቀምጣት! መስኮቱን ክፈት! እንዲያውም ሌላ ሰው ይንዳት። ያለኸኝ አንድ ዓይኔ አንተ ነህ። ከሷ ጋር ሁለተኛ እንዳትሄድ፣ ሰማኸኝ?»

«እሺ፣ እማዬ» አለ።

ስልኩ ተዘጋ። መኪናው ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። እሷ ቦርሳዋን አንስታ ተነሳችና እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዳ ተቀመጠች። የመምህሩ መታጠብ፣ የባለሱቁ መደበቅ እንደዚያ አላመማትም ነበር። ያመማት የእናቱ ንግግርም አልነበረም፤ ሰው ለልጁ ሲፈራ የማይለው እንደሌለ ታውቃለች። ያመማት ያቺ «እሺ» ናት።

በማግስቱ ማልዳ በእግሯ ወጣች። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መንገድ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ሰርቪሱ ከጎኗ ደርሶ በእርምጃዋ ልክ ማዝገም ጀመረ።

«ግቢ እንጂ» አላት በመስኮቱ። «'እሺ' ያልኳት እኮ ስልኩን እንድትዘጋ ብዬ ነው።»

«ስልኩም ተዘግቷል፣ እኔም ሰምቻለሁ።»

«ስፈራ ቃል አይመጣልኝም።»

«ለሌላው ሁሉ ይመጣልሃል» አለችው ሳትቆም። «ሂድ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።»

ሄደ። ሦስት ሳምንት በእግሯ ተመላለሰች። ሰርቪሱ ሲያልፍ አንገቷን ታቀረቅራለች፤ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀና ብላ ከዓይኗ እስኪሰወር ታየዋለች።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ፣ ናሙናዎቹን ስትመዘግብ አንድ ቅጽ ላይ ዓይኗ ተተከለ። ታማሚዋ የስልሳ አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ ሥራ፣ ልብስ ሰፊ። የተጠሪ ስልክ በሚለው ቦታ የሰፈረው ቁጥር የእሱ ነበር። ከሥሩ የእሱም ናሙና አለ። ማሽኑ ውጤቱን እስኪሰጥ ወንበሯ ላይ መቀመጥ አቃታት።

መደወል ያለበት ሌላ ክፍል ነበር። እሷ ግን ራሷ ደወለች።

«ውጤቱ ወጥቷል» አለችው። «እናትህን ይዟቸዋል።»

የቅጹን ቀጣይ መስመር በጣቷ ተከተለች።

«አንተ ነፃ ነህ።»

«እኔ ነኝ ያስያዝኳት ብዬ ነበር» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖባታል።

«ነፃ ነህ እኮ አልኩህ! ካንተ አይደለም። ስማኝ፣ ካንተ አይደለም።»

እውነትም ከእሱ አልነበረም። በሽታውን ያመጡት ለወሬ ብቅ ያሉት፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው በረንዳው ላይ ሲጨዋወቱ የዋሉት የእናቱ የልብ ጓደኛ ነበሩ።

ጥየቃ ክልክል ነው። ሾፌሩ በየቀኑ ሥራውን ሲጨርስ ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ቆሞ የሦስተኛውን ፎቅ መስኮቶች ይቆጥራል። እሷ ግን ደም ለመቅዳት በየጠዋቱ እናቱ ዘንድ ትገባለች። ከራስ እስከ እግሯ በመከላከያ ልብስ ተጠቅልላለች፤ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። እናቱ አያውቋትም። «የኔ ልጅ» እያሉ ነው የሚጠሯት።

በአምስተኛው ቀን፣ ክንዳቸው ላይ የደም ሥር ስትፈልግ፣ እናቱ በኦክስጅኑ መሃል ወሬ ጀመሩ።

«ልጄ አንዲት ልጅ ይወድ ነበር። ሳይነግረኝ ነው ያወቅኩት። ሸሚዙን በየቀኑ መተኮስ ጀምሮ ነበራ! ሾፌር ለመሪው ብሎ ሸሚዝ ይተኩሳል?»

እሷ መርፌውን ወደ ክንዳቸው አስጠጋች።

«በአፌ አባረርኳት። ሥራዋ እንዳንቺ ነው፤ ፈራኋት። አሁን ይኸው፣ ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ ክንዴን የያዘችው እንደሷ ያለች የሰው ልጅ ናት። ባገኛት እግሯ ላይ እወድቅ ነበር።»

ደሙን ቀድታ፣ ጥጡን ተጭና፣ ትንሽ ቆየች።

«እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

እናቱ ለረጅም ጊዜ ዓይኗን አዩ።

«ይኼን የምትነግሪኝ ሳትወጊኝ ነው ወይስ ከወጋሽኝ በኋላ?»

«ወግቼ ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያማ ብድርሽን መልሰሻል!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረና ነርሷ መጥታ ሁለቱንም ተቆጣች። እናቱ ግን እጇን አልለቀቁም። «ይቅር በይኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው። «ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ብቻ ይዳኑልኝ» አለቻቸው።

መዳኑ ግን ቀላል አልሆነም። በስምንተኛው ቀን ባሰባቸው። ትንፋሻቸው እንደ ተቀደደ ወናፍ ሆነ፤ መናገር አቃታቸው። ቀትር ላይ ሐኪሙ «ልጃቸው ድምፁን ያሰማቸው» ብሎ አዘዘ። ነርሷ ደወለችና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ደም ልትቀዳ ለገባችው ለእሷ ሰጠቻት፤ የነርሷ እጅ ኦክስጅኑ ላይ ነበር። እሷ ስልኩን ከእናቱ ጆሮ አጠገብ ያዘች።

«እማዬ» አለ እሱ። «እማዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እሺ ስልሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን እምቢ። አትሄጂም፣ እምቢ ብያለሁ! ያቺን ልጅም እምቢ ብዬ ነው የማገባት፣ ከፈቀደችልኝ። በእግሯ ስትሄድ እያየሁ ሦስት ሳምንት ነድቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ በደህና አልነዳሁም። አንቺም በእግርሽ ቆመሽ ታይናለሽ። ሰማሽኝ?»

የእናቱ ጣት አንሶላው ላይ ተንቀሳቀሰ።

«ስልኩን የያዝሽው እህቴ» አለ ቀጥሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ። እጅሽ እንዳይደክም።»

በመከላከያ መነጽሯ ውስጥ እንባዋ ሞልቶ፣ የሚታያት ነገር አልነበረም። መጥረግ ደግሞ ክልክል ነው። እጇ ግን አልደከመም።

እናቱ ያን ቀን አልፈው ማግስቱንም አለፉ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን በእግራቸው ቆመው ወጡ። እሷ ያኔ ሥራዋ ላይ ስለነበረች ሲወጡ አላየቻቸውም። በኋላ ነርሶቹ እንደነገሯት፣ ልጃቸው በር ላይ ሲያገኛቸው እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው፤ እሳቸው ግን የተናገሩት የመጀመሪያ ነገር «ስልኩን የያዘችልህ ማን እንደነበረች ልንገርህ?» የሚል ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ከሥራ ስትወጣ፣ የሆስፒታሉ የጓሮ ደረጃ ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ ቆሞ አገኘችው። ሸሚዙ ተተኩሷል። አንዱን ብርጭቆ ደረጃው ላይ አስቀምጦ ሁለት እርምጃ ራቀ። እሷ በአንደኛው ጫፍ፣ እሱ በሌላኛው ተቀመጡ።

ሻይ በማስክ አይጠጣ! አወለቁ።

አያት፤ ዓይኑን አልነቀለም። እይታው ሲረዝምባት እጇ ወደ አገጯ ሄደ።

«ምነው? አስቀየምኩህ?»

«አይ... ሌላ ፊት ነበር በሐሳቤ የሣልኩልሽ» አለ ግራ ገብቶት። «አፍንጫሽን ረዘም፣ ከንፈርሽን ቀጠን አድርጌ። ከዚያችኛዋ ጋር ሦስት ወር ያህል ከርሜያለሁ።»

«አንተም በሐሳቤ ጢም የሌለህ ነበርክ» አለችው።

«እና ምን ይሻለናል?»

«ያቺን ተሰናበታት።»

«በአንድ ጊዜ?»

«ቀስ በቀስ» አለችና ሳቀች። በዚህ ጊዜ ትከሻዋን አላየም፤ ሳቋን ራሱን ነበር ያየው። ብርጭቆውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ ሳይጠጣ ቀረ።

ሻዩ ሲያልቅ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ከዚያ መልሶ ከተተው። ከዚያ ደግሞ አወጣው።

«እናቴ ለእናትሽ መደወል ትፈልጋለች» አላት መሬት መሬቱን እያየ። «መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ አልችልም ብላለች። እኔም... እኔም አልችልም። ቁጥራቸውን ትሰጪናለሽ?»

እናቷ ስልኩን ሲያነሱ፣ የማያውቁትን የሌላ እናት ድምፅ ሲሰሙ፣ ደንግጠው ወንበር ሲፈልጉ ታያት። ቀና ስትል ዓይኑ እየጠበቃት ነበር።

«ጻፍ» አለችው።

ቁጥሩን አንድ በአንድ ነገረችው። እንዳይሳሳት ብላም ከመጀመሪያው ጀምራ ደገመችለት።