ከአጥሩ ወዲህ

ኦርቪል ህሩስካ የተገኙት ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ከራሳቸው የብረት ጎተራ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ነው። ከደቡብ ምዕራብ በኩል አረንጓዴ ያዘለ ጥቁር ደመና ወደ እርሻው እየተጠጋ ነበር። ኔብራስካ ያደገ ሰው ያን የበረዶና የአውሎ ነፋስ ምልክት ሲያይ ከብቱን ያስገባል። የዚያን ዕለት ግን ከብቱን ያሰበ አልነበረም።

ከሬሳው አጠገብ ሁለት የፖሊስ መኪናዎች ቆመዋል። አንደኛው የወረዳው ነው፤ የወረዳው ፖሊስ ገስ ቤንዳ ይዞት የመጣው። ሁለተኛው ከአርባ ማይል በላይ ርቆ ካለው ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሲሆን፣ ከውስጡ የወረደችው የግቢው ፖሊስ ሳጅን ሎሬታ ፕሩት ናት።

«ምነው ሎሬታ፣ መንገድ ጠፋብሽ?» አላት ገስ። «እዚህ ያለቦታው የቆመ መኪና የለም።»

«ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ተደውሎልን ነው። ድምፁን ያፈነ ሰው፣ ‹በዩኒቨርሲቲው መሬት ላይ፣ ከጎተራው ሥር፣ ሰው ወድቆ ሞቷል› ብሎ ዘጋው። የደወለው ከዚህ ቤት ስልክ ነው።»

«የምን የዩኒቨርሲቲ መሬት? ይሄ የህሩስካ እርሻ ነው። አያቱ ናቸው ያቀኑት።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። መንገድ ላይ ሆኜ መዝገብ ቤት ደወልኩ። ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌው መሬቱን በስጦታ ለዩኒቨርሲቲው አዙረዋል።»

ገስ ኮፍያውን አውልቆ ሬሳውን ተመለከተ። ሠላሳ ዓመት አብረው ለአደን ወጥተዋል። «ለእኔ አልነገረኝም» አለ።

የግዛቱን ሕግ ሁለቱም በቃላቸው ያውቁታል። ዩኒቨርሲቲው በያዘው መሬት ላይ፣ ግቢውም ይሁን ሩቅ ማሳ፣ የግቢው ፖሊስ ሙሉ ፖሊስ ነው፤ ይጠይቃል፣ ያስራል። አጥሩን ሲሻገር ግን ሥልጣኑ እዚያው ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ የወረዳው ነው።

«እንግዲህ ያንቺ ነው» አለ ገስ። «እኔ ግን የትም አልሄድም።»

«ማን ሂድ አለህ?»

ሎሬታ ተንበረከከች። ቁስሉ ከኋላ ማጅራት ላይ ነው። መዳፋቸው ንጹሕ ነው። ከዘራቸው በጎተራው ጎን ከተተከለው መሰላል የመጀመሪያ እርከን ላይ ተንጠልጥሏል። ጣቷን በአራተኛው እርከን ላይ ብታሳርፍ አቧራውና የወፍ ኩሱ እንዳለ ነው፤ የነካው የለም።

«መሰላል ይወጡ ነበር?»

«የዳሌ አጥንቱን በቀዶ ሕክምና ከተቀየረ ወዲህ? የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ እንኳ ትከሻዬን ይዞ ነው የሚወጣው። የሚያውቀው ሁሉ ይህን ያውቃል።»

ሁለት ቀጫጭን የተረከዝ መስመሮች ከጎተራው ወደ ትራክተሩ ቤት ይመራሉ። እዚያ ወለሉ ደረቅ ነው፤ ከትራክተሩ መጎተቻ ብረት ሥር ብቻ ውኃ ተደፍቶበታል።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«ሎሬታ፣ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቢሮ እየነዘነዘኝ ነው። ሽማግሌ ከመሰላል ወደቀ፤ ይሄን ጽፈሽ ነይ። ስጦታው ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ ወሬ እንዳይነሳበት።»

«መሰላሉን አልወጡም አለቃ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሰው ከምድር ወደ ምድር ወድቆ እንዲህ አይሞትም ማለቴ ነው» ብላ ዘጋች።

ወጥ ቤት ውስጥ ወይዘሮ ዳርሊን ቮንድራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ተቀምጠዋል። ሐሙስ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ቤቱን ለማጽዳት የሚመጡ አሮጊት ናቸው። ሬሳውን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ አንቺ የዩኒቨርሲቲ ፖሊስ አይደለሽ? ምን ልታደርጊ መጣሽ? እኔ እኮ በእጅ ስልኬ ለእነ ገስ ነው የደወልኩት።»

«የግድግዳውን ስልክ ነክተውታል?»

«ለምን ብዬ? ምን ዓይነት እጅ እንደነካው እንጃ፣ እዪው፣ የማሽን ግራሶ ነው።»

እውነትም እጀታው ላይ ጥቁር የጣት አሻራ ጎልቶ ይታያል። ሎሬታ እጀታውን ነቅላ በከረጢት አሸገችው።

ጥቂት ቆይቶ ሜሪት ኦዝጉድ የተባለው ፕሮፌሰር እያለከለከ ገባ። መሬቱን የሜዳ ሣር ለማጥኛ የፈለገው እሱ ነው።

«ስጦታውን ማን ማን ያውቅ ነበር?» ስትል ሎሬታ ጠየቀች።

«እኔ፣ ጠበቃችንና ሽማግሌው። ለወንድማቸው ልጅ እሳቸው ራሳቸው በአፋቸው እንዲነግሩት ፈልገው ነበር። ትናንት ጠበቃችን ደብዳቤ በእጁ አድርሶላቸዋል፤ ከእንግዲህ ጥበቃው የእናንተ መሆኑን ይገልጻል፣ ስልካችሁም አለበት።»

ከጠረጴዛው ላይ የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ያለበት ፖስታ ነበር። ውስጡ ባዶ ነው።

«ሦስት ከአርባ ላይ የት ነበሩ?»

ፕሮፌሰሩ ፊቱ ቀላ። «ግቢ ውስጥ። የእናንተው ሰው ሦስት ከሃያ ላይ መኪናህን ያለቦታው አቁመሃል ብሎ ቀጥቶኛል፤ ቆሜ ተከራክሬዋለሁ።»

«እሱስ ተመዝግቧል» አለች ሎሬታ።

የወንድም ልጅየው ላይል ህሩስካ ከአጥሩ ወዲያ ባለው ማሳው ላይ ነው የሚኖረው። የአጎቱን መሬት ለሃያ ስድስት ዓመት ያረሰው እሱ ነው። ወይዘሮ ዳርሊን ጠርተውት ወደ ወጥ ቤቱ መጣ፤ ለሎሬታ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት።

«አጎትዎን መቼ ነው ያዩአቸው?»

«ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ዘር ላይ ነኝ።»

«ቤቱስ ውስጥ?»

«ከፋሲካ ወዲህ አልረገጥኩም።»

«መሬቱ ለዩኒቨርሲቲው መሰጠቱን ያውቃሉ?»

ላይል በመስኮቱ ወደ ደመናው አየ። «አሁን ገና ካንቺ መስማቴ ነው» አለ። «የሱ ንብረት ነው፤ ያሻውን ያድርግ። እናንተም ሥራችሁን ሥሩ።»

ሎሬታ ወደ ውጭ ወጣች። ከገስ ጋር አጥሩ ዳር ቆመው ለአፍታ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ገስን ጨምሮ አራቱንም ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው። ውጭ ቀኑ እንደ ምሽት ጨልሟል፤ ንፋሱ ድንገት ቀጥ ብሏል።

«ኦርቪል አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «የመሰላሉ አቧራ አልተነካም። ትራክተሩ ቤት ውስጥ ተገፍትረው ማጅራታቸው ብረቱን መታ፤ ደሙ በውኃ ታጠበ፤ ከዚያ እየተጎተቱ ጎተራው ሥር ተደረጉ። ከዘራውን ያንጠለጠለውም ያው የጎተታቸው ሰው ነው።»

ወይዘሮ ዳርሊን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«እዚህ ቤት አደጋ ሲደርስ የሚጠራው የወረዳው ፖሊስ ነው። ይሄ ሰው ግን አርባ ማይል ርቀን ያለነውን ጠራ። ገስ ቢመጣ ዳሌያቸውን ያውቃል፤ መሰላሉን አይቶ ይስቃል። እኛ ባዕድ ነን፤ ‹ሽማግሌ ወደቀ› ብለን እንጽፍና እንሄዳለን። ለዚህ ግን መሬቱ የእኛ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ‹የዩኒቨርሲቲው መሬት› ነው ያለው። ስጦታውን ካላወቀ በቀር እዚህ አገር እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም።»

«ፕሮፌሰሩ ያውቃል» አለ ላይል።

«ያውቃሉ፤ ግን በዚያ ሰዓት ከእኛ ሰው ጋር ሲጨቃጨቁ ነበር። ወይዘሮ ዳርሊን የጠሩት ገስን ነው፤ ገዳዩ እንዲመጣ የማይፈልገውን ሰው። እኔን ሲያዩም ‹ምን ልታደርጊ መጣሽ?› አሉኝ። ገስም ‹መንገድ ጠፋብሽ?› አለኝ። ያልጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ አቶ ላይል። ሃያ ስድስት ዓመት ያረሱት ማሳ መሐል የግቢ ፖሊስ ቆማ ሲያዩ እጅ ነሡኝ።»

«ጨዋነት ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ደብዳቤው ግን ከፖስታው ጠፍቷል፤ የእኛ ስልክ ያለው እዚያ ላይ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ይህን ቤት አልረገጥኩም ብለውኛል። የስልኩ እጀታ በግራሶ አሻራ ታሽጎ መኪናዬ ውስጥ ነው።»

ላይል እጁን ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ኪሱ ከተተው። ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ቤቴ ከአጥሩ ወዲያ ነው» አለ። «ሁለት መቶ እርምጃ። እዚያ ስደርስ አንቺ ምንም አይደለሽም፤ የመኪና ቅጣት ወረቀት ለጣፊ ነሽ።»

«እውነትህን ነው» አለ ገስ ከበሩ አጠገብ። «ሂድ። እኔ ደግሞ አጥሩ ማዶ እጠብቅሃለሁ። የትኛችን እንድናስርህ ምረጥ፤ ምርጫው ያንተ ነው።»

ላይል በበሩ በኩል ሜዳውን አየ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ሎሬታ ዝም የማለት መብቱን አነበበችለት፤ እሱ ግን ዝም አላለም።

«ጥዋት ነው የነገረኝ» አለ ወለሉን እያየ። «‹ላይል፣ በመጪው ዓመት አትረስ፤ ሣር ይዘሩበታል› አለኝ። ሣር። አንዴ ነው የገፋሁት።»

መኪናው ውስጥ አስገብታው በሩን ስትዘጋ፣ በዚህ መሐል ደርሶ ሬሳውን ሲመረምር የቆየው ሐኪም ወደ ጎን ጠራት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት፤ ራሷን ነቀነቀችና መኪናው ውስጥ ገብታ መሪውን ያዘች። በረዶው ጣሪያውን መደብደብ ጀመረ።

ላይል ከኋላ ሆኖ፣ «ወዲያው ነው አይደል የሞተው?» አላት። «አልተሠቃየም?»

ሎሬታ በመስታወቱ አየችው።

«ስትደውልልን በሕይወት ነበሩ» አለች። «ከዚያም በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ተንፍሰዋል። የወረዳው አምቡላንስ አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጅበት።»

ሞተሩን አስነሣች። አርባውን ማይል በበረዶው ውስጥ ተጓዙ።