ዱካኩ የተናገረበት ጁምዓ

ጠሂራ ሞታ የተገኘችው በገዛ ሱቋ ውስጥ፣ ወደ ቆጡ ከሚያወጣው የእንጨት መሰላል ስር፣ በጀርባዋ ተንጋላ ነው። የጁምዓ ሶላት አብቅቷል። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር አስፋልቱ ላይ ላስቲክ ዘርግቶ የሰገደው ሰው ምንጣፉን እየጠቀለለ ነው። መርካቶ ለሶላቱ ያቋረጠችውን ጫጫታ ልትጀምር ስትል ከጨርቅ ነጋዴዎቹ በኩል የሻይ ሻጯ የፋንታዬ ጩኸት ተሰማ። ጎረቤቱ ተንጋግቶ ሲገባ ጠሂራ በድን ሆናለች። የሱቋ ተሸካሚ ምንይሉ አጠገቧ ተንበርክኳል፤ እጅጌው ደም ነክቶታል።

ኢንስፔክተር ሠርኬ የፖሊስ መኪናው ከአትክልት ተራ ጋሪዎች መሀል አልወጣ ስላለ ወርዳ በእግሯ መጣች። አምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ላያት ሰው የሰፈር ዕድር ሰብሳቢ የምትመስል ሴት ናት። ሰው ይንቃታል። እሷም መናቋን አትጠላውም፤ የናቃት ሰው ብዙ ያወራላታል።

ሬሳውን መርምራ ከሸፈነችው በኋላ ዓይኗ መሰላሉ ስር ባለ አንድ ጥንድ የሴት ጫማ ላይ ቀረ። ጎን ለጎን በወግ ተቀምጧል፤ ሟች ባዶ እግሯን ናት። ጭንቅላቷ ከኋላ በኩል ከሲሚንቶው ጋር ተጋጭቶ ተሰንጥቋል። በግራ ክንዷ ላይ ደግሞ ቀጥ ያለ፣ ጠበብ ያለ ሰንበር ወጥቷል። ባንኮኒው ላይ ግማሹ የተቆረጠ ጨርቅ ከነመቀሱ ተዘርግቷል። ከበሩ ጀምሮ የምንይሉ ቦቲ ጭቃ እስከ ሬሳው ድረስ ታትሟል። መሰላሉ ግን ንጹሕ ነው።

ተጠርጣሪ ለመፈለግ አልደከመችም፤ አብደላ አቀረበላት። አብደላ የጎን ሱቅ ባለቤት ነው። ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ጠሂራን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። «ወንድሜን ሳልድር አይሆንም» አለችው፤ እሱም ይጠብቅ ነበር። አሁን ጢሙ በእንባ ርሷል።

«እሱ ነው! ምንይሉ ነው!» አለ። «እኛ ሶላት ላይ ስንሆን ሱቁን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ስትቆጣው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ ዓይንህን እንዳላየው› አለችው። ይጠይቁታ!»

ሠርኬ ጠየቀችው። ምንይሉ ከጎጃም መጥቶ ለጠሂራ አባት የተቀጠረ፣ አባትየው ሲሞትም ከልጆቹ ጋር የቀረ ሰው ነው።

«ደሟ እጅጌህ ላይ ምን ይሠራል?»

«ላነሳት ብዬ ነው።»

«ስትገባ ሞታ ነበር?»

ዝም አለ።

«ሐሙስ በምን ተጣላችሁ?»

ምንይሉ ደም የነካውን እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፈ።

«ሰውዬ፣ ይሄ ዝምታህ እስር ቤት ያስገባሃል።»

«ያስገባኝ» አለ ምንይሉ፤ ቀና ብሎ ግን ቆጡን አየ።

ቆጡ ላይ የነበረው የጠሂራ ወንድም ሀያቱ ነው። ሠላሳ ሞልቶታል። እናቱ እሱን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስለሞተች ያሳደገችው ጠሂራ ናት፤ ገና ልጅ ሆና ልጅ አዝላ ሱቅ ቆማለች። ጎልምሶ ጫት ላይ ሲወድቅ አልቅሳ ለመነችው። እሱም ልትድረው ነበርና ሰርጉ ሳይደርስ ብሎ ተወው። ጫቱ ሲሄድ ዱካክ መጣ።

ዱካክን የቀመሰው ያውቀዋል። ሰውየው አልተኛም፣ አልነቃም። ዓይኑ ክፍሉን ያያል፤ እጅና እግሩ ግን አይታዘዘውም። ያን ጊዜ አንድ ነገር መጥቶ ደረቱ ላይ ይወጣል። ትልልቅ ወንዶች መብራት ሳያበሩ መተኛት እስኪፈሩ ድረስ ያደርሳል። ሀያቱም ሌሊቱን ፈርቶ ያነጋና ምሳ በልቶ ቆጡ ላይ ጋደም ይላል፤ ዱካኩ ግን ቀን አይል ሌሊት አይል፣ እዚያም ይከተለዋል።

«እኔ ነኝ ያስገደልኳት» አለ ሀያቱ ለሠርኬ፣ እየተንሰቀሰቀ። «እሷ ከታች ስትሞት እኔ ከላይ ተኝቻለሁ!»

«ምንም አልሰማህም?»

«ዱካክ ይዞኝ ነበር። ሁልጊዜ ከግርጌዬ ነው የሚመጣው፤ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ደረቴ ላይ ይወጣል። ዛሬ ግን ከራስጌዬ መጣ። ፊት የለውም፣ ጥቁር ነው። ጎንበስ አለና ‹ሀዩዬ› አለኝ።»

«ስምህን ጠራህ?»

«እንደዛ የምትጠራኝ እቴቴ ብቻ ናት። ድምጿን ሰርቆ መጣ ብዬ ይበልጥ ፈራሁ። ከዛ እጄ ተንቀሳቀሰ፤ እስከዛሬ እኮ ተንቀሳቅሶልኝ አያውቅም! መታሁት፤ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የወሰደኝ እንቅልፍ... ጫት ከተውኩ ወዲህ እንደዛ ተኝቼ አላውቅም።» እንባውን በመዳፉ ጠረገ። «ስነቃ ወርጄ ‹እቴቴ፣ ዛሬ አሸነፍኩት› ልላት ነበር። እሷ ናት ደስ የሚላት ብዬ።»

ሠርኬ ሌላ አልጠየቀችውም። ትከሻውን ነካ አድርጋ ወጣች። ውጭ ስትደርስ እስክሪብቶዋ እጇ ውስጥ መሆኑን እንኳ ረስታዋለች።

ፋንታዬ ሱቁ በራፍ ላይ ሻይ ትሸጣለች። ሠርኬ አንድ ብርጭቆ አዝዛ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ ፋንታዬ፣ ከመጮህዎ በፊት ምን ሰሙ?»

«ልጁ ሲያቃትት ነዋ። የቆጡ መስኮት እኮ ከራሴ በላይ ነው። ጠሂራም ሰማችና ‹አንጀቴን በላው፤ ሶላቱም ሳያልፈው ልቀስቅሰው› ብላ ገባች። እኔ ውሃ ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ...» ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ይህን ለምን እስካሁን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም ምንይሉ ምንይሉ ሲል! እሱ ምን አደረገ? ሐሙስ የተቆጣችው ጫት ገዝቶለት ነው። ልጁ ሲሠቃይ ማየት አልቻለማ።»

«ዱካክ የያዘውን ሰው እንዴት ነው የሚቀሰቅሱት?»

«ከግርጌ ሆኖ ስሙን መጥራት ነው። ከራስጌ አይቆምም፤ ይደነግጣል። ስንቴ ነግሬያታለሁ! እሷ ግን እናት ናት፤ ካልዳበሰችው መች ይሆንላታል? ብረትም ታስገባለት ነበር፤ ብረት ካለ ዱካክ አይቀርብም ይባላል። ያቺን የሱቁን የጨርቅ መለኪያ የብረት ሜትር ምሳ በልቶ ሲጋደም ከራስጌው ታኖርለታለች።»

ሠርኬ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

ጉልበቷ እየጮኸ መሰላሉን ወጣች። ምንጣፉ ላይ ጭቃ የለም። የፍራሹ ግርጌ ግድግዳው ጋ ነው፤ ሰው ተዝናንቶ የሚቆምበት ቦታ አለው። ራስጌው ግን የቆጡ ጫፍ ጋ ነው። መከታ የለውም። እዚያ የሚቆም ሰው ከጀርባው ባዶ አየር ነው። የብረት ሜትሩ ፍራሹም ስር፣ ባንኮኒውም ላይ የለም። ስትወርድ ግድግዳውን የተደገፉትን የጨርቅ ጣቃዎች አንድ በአንድ አየች። ሁሉም መሀላቸው የካርቶን ቱቦ አላቸው፤ አፉ ክፍት ነው። የአንዱ አፍ ብቻ በጋዜጣ ተወትፏል።

በዚህ ሥራ ብዙ ክፉ ሰው አይታለች። ያን ቀን ግን ምነው አንድ ክፉ ሰው ባገኘሁ ብላ ተመኘች። ዝም ብትል ምንይሉ ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል። ብትናገር ደግሞ ከእስር የባሰ የሚቀጣ ሰው አለ። ልቧ እንዲህ የተሰበረበትን ምርመራ አታስታውስም።

ከቀብሩ ማግስት ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አብደላ ባንኮኒውን ተደግፏል። ፋንታዬ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ሀያቱ ከጁምዓ ወዲህ ዓይኑን ስላልከደነ ፊቱ ገርጥቷል። ምንይሉ ካቴና እጁ ላይ እንዳለ ከአንድ ፖሊስ ጋር በሩ ጋ ቆሟል።

«ከጫማው እጀምራለሁ» አለች ሠርኬ። «እዚህ ታች የተመታች ሴት ጫማዋን አውልቃ፣ አስተካክላ አታስቀምጥም። ጠሂራ ያወለቀችው ቆጡ ላይ ምንጣፍ ስላለ ነው። በፈቃዷ ወጣች። የወደቀችው ከላይ ነው።»

«ተከትሎ ወጥቶ ገፍቷት ነዋ!» አለ አብደላ።

«ጋሼ አብደላ፣ ያን ቀን የምንይሉ ቦቲ ጭቃ በጭቃ ነበር። ጭቃው መሰላሉ ላይም፣ ምንጣፉ ላይም የለም። ምንይሉ አልወጣም።»

«ታዲያ ማን...»

«እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ ምንይሉ። ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። «ምን ታደርቂናለሽ? እኔ ነኝ የገደልኳት፤ ጻፊውና ይለቅ!»

ሠርኬ ዞር ብላ አየችው። «ምንይሉ፣ ውሸት አያምርብህም። ሦስት ቀን ዝም ብለህ አሁን የምትጮኸው ቆጡ ጋ ስለደረስኩ ነው።»

ወደ ጣቃዎቹ ሄዳ ጋዜጣውን ነቀለችና ከቱቦው ውስጥ የብረት ሜትሩን ሳበች። «ክንዷ ላይ ያለው ሰንበር ከዚህ ስፋት ጋር ልክ ነው። ሰው ሲሰነዘርበት ክንዱን ያነሳል፤ እሷም አነሳች፤ ወደኋላ ስትል መርገጫ አጣች። የገደላት ሲሚንቶው ነው። ብረቱ አብሯት ወደቀ፤ አንድ ሰው ደግሞ አንስቶ ደበቀው።»

«ይሄማ የራስጌዬ ብረት ነው» አለ ሀያቱ። «እኔ ጋ አልነበር እንዴ?»

ሠርኬ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሀያቱ ልጄ፣ ዱካክህ ሁልጊዜ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከግርጌዬ።»

«ተናግሮህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«በዚያች ጁምዓስ?»

«በዚያች ጁምዓ ከራስ...» አለና ቆመ። ብረቱን አየ። የቆጡን ጫፍ አየ። «ጥቁር ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ጥቁሩን ሻሿን አድርጋ ነበር?»

ፋንታዬ ፊቷን ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

«እትዬ ፋንታዬ፣ ጥቁሩን ነበር ያደረገችው? ንገሩኝ እንጂ!»

«አዎ፣ የኔ ልጅ» አለች ፋንታዬ።

ሀያቱ ከተቀመጠበት ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። እሷ በወደቀችበት ሲሚንቶ ላይ በመዳፉ እየደባበሰ «እቴቴ፣ እቴቴ» ይላል። አብደላ ቆቡን አውልቆ ቆመ። ከዚያ ምንይሉ ጋ ሄደና በካቴና የታሰሩ እጆቹን ጨብጦ «አፉ በለኝ» አለው።

«አሁን ተናገር» አለችው ሠርኬ ምንይሉን። «ስትገባ ነፍሷ አልወጣችም ነበር። አይደል?»

ምንይሉ አንገቱን ደፋ። «አልወጣችም። ብረቱን በእጇ ገፋችልኝና ‹ደብቀው፤ እንዳትነግረው› አለችኝ። እንዴት እትዬ ጠሂራ ስላት ‹ስማው› አለች። ሰማሁ፤ ከላይ ያንኮራፋል። ‹ዛሬ ደህና ተኝቷል› አለች። በቃ፣ ሌላ አልተናገረችም።»

ሠርኬ ካቴናውን ራሷ ፈታችው። ሀያቱ እጁን ቢዘረጋላትም አላሰረችውም።

«እኔን እሰሪኝ» አላት።

«ቃልህን ትሰጣለህ፤ የቀረውን ፍርድ ቤቱ ያየዋል። ማንን እንደመታህ እንዳላወቅህ ቆሜ እመሰክራለሁ።» የሚያማትን ጉልበቷን አጥፋ አጠገቡ ተቀመጠች። «እሷም ያወቀችው ይህን ነው። ጠላቴ ገደለኝ ብላ አልሞተችም።»

ምንይሉ አብሬ ካልሄድኩ አለ፤ ማንም አልከለከለውም። ከፖሊስ መኪናው ኋላ ሀያቱን ረጅሙ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ምንይሉም ከጎኑ ተቀመጠ። መኪናው በተክለ ሃይማኖት በኩል በጋሪና በሰው መሀል እየተሳበ ወጣ። ሀያቱ ዓይኑ እየተከደነ፣ እየባነነ፣ እንደገና እየተከደነ አስቸገረው።

«ጋሽ ምንይሉ፣ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው» አለ፤ እንደ ሕፃን ፈርቷል።

«ተኛ እንግዲህ።»

«ቢመጣስ? ማን ይቀሰቅሰኛል?»

ምንይሉ ብድግ ብሎ ወንበሩ ላይ አጋደመው። ነጠላውን አልብሶት በእግሩ በኩል ዞረና ቁጭ አለ።

«ተኛ፣ ሀዩዬ» አለው። «እኔ ከግርጌህ ነኝ።»